የኔታ ያስጠኗት ቃል

አንድ የኔታ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ልጆች ያስተምራሉ። የሚያስተምሩበት መንገድ አንድ ነው፤ እሳቸው ይላሉ፣ ልጅ ተቀብሎ ይላል። የተሳሳተ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አርባ ዓመት እንዲህ አስተማሩ፤ ብዙ ቄስና ዲያቆን አወጡ።

ልጃቸው ደብሪቱ ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን እህል ልታስፈጭ ተልካ እያለቀሰች መጣች። ለእናቷ ነገረቻት፤ ባለወፍጮው በማይገባ መንገድ ነክቷት ነበር። እናትና አባት በዚያው ቀን ለፖሊስ አመለከቱ። ፖሊስም፣ «ሐሙስ ልጅቷን ከተማ አምጧት። የሕፃናትን ቃል የምትቀበል ሴት አለች፤ እሷ ታነጋግራታለች» አላቸው። ባለወፍጮው እስከዚያው ወፍጮ ቤቱን ከፍቶ ይሠራል። ከልጅቷ ቃል በቀር በእሱ ላይ የተገኘ ነገር የለም።

የኔታ ሰጉ። ቃሉን ራሳቸው አሰካኩት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሆነውን። ልጅቷን ፊታቸው አስቀምጠው ሦስት ቀን አስጠኗት።

«ኧረ እባክዎ፣ ልጅቷ ደከማት» አለች እናትዮዋ።

«ተይኝ! እዚያ ሄዳ ብትደናገር ያ ርጉም ይስቅብናል።»

ሐሙስ ደረሰ። ደብሪቱ ቃል ወደምትቀበለው መርማሪ ብቻዋን ገባች። እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን ጨፍና ሁሉንም ሳትሳሳት አወረደችው። መርማሪዋ ታግሣ ሰማች። ከዚያ፣ «ወፍጮ ቤት ስትደርሺ ማን ማን ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ይህ በጥናቱ ውስጥ አልነበረም። ልጅቷ ደነገጠች። የተሳሳተች መሰላት፤ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሌላ ነገር ተጠየቀች። አሁንም ከመጀመሪያው ጀመረች። በሦስተኛው አለቀሰች።

መርማሪዋ ወደ ወላጆቹ ወጣች።

«የኔታ፣ የሰማሁት የእርስዎን ቃል ነው።»

«እውነት እኮ ነው!»

«ሊሆን ይችላል። የሰውየው ጠበቃ ግን ‹አስጠንተው ነው ያመጧት› ይላል። ምን ልመልስለት?»

የኔታ፣ «ታዲያ ሳላዘጋጃት እንዲሁ ልስደዳት?» አሉ።

«ያዘጋጇት እንጂ። የት እንደምትሄድ፣ ማን እንደሚያነጋግራት፣ ለምን እንደሆነ ይንገሯት። ያልገባትን ‹አልገባኝም›፣ የማታውቀውን ‹አላውቅም› ማለት እንደምትችል ይንገሯት። ምን እንደምትል ግን አይንገሯት። ስለነገሩም አይጠይቋት፤ ራሷ ካወራች ይስሟት። በስጦታ አያባብሏት፣ በቁጣ አያስፈራሯት።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ዝም ማለት ነው።»

«እሳቸው? ዝም?» አለች እናትዮዋ። «እህቴ፣ ከባድ ነገር ነው ያዘዝሽብን።»

መርማሪዋ ለሌላ ሳምንት ቀጠረቻቸው። በቀጠሮው ቀን፣ መንገድ ላይ፣ ደብሪቱ አባቷን ጠየቀች።

«አባዬ፣ ከየት ልጀምር?»

መልሱ የኔታ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጡት።

«ከፈለግሽው። እኔ እዚያ አልነበርኩም። የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

«ብሳሳትስ?»

«አልቆጣሽም።»

«ሰውየው ቢታሰር በእኔ ነው?»

«በሥራው ነው፣ ልጄ።»

ገባች። ከመሃል ጀመረች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ የረሳችውን «ረሳሁት» አለች። ማንም ያልጠበቀውንም ተናገረች። ሰውየው ጩኸቷ እንዳይሰማ በሩን ዘግቶ፣ ወፍጮውን ያለ እህል አስነስቶት ነበር። ይህን ለእናቷም አልነገረቻትም። የኔታም አያውቁትም፤ ስለዚህ አላስጠኗትም።

ፖሊስ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ የምትኖር አንዲት ሴት ጠየቀ። «አዎ» አለች፤ «ያን ቀን ወፍጮው ባዶውን ሲጮህ ሰምቻለሁ። ይኼ ሰውዬ ምን ነካው፣ ድንጋዩን ሊጨርሰው ነው እንዴ ብዬ ነበር።» ሰውየው በዚህ ተያዘ። ፍርድ ቤት ቀርቦም ተፈረደበት።

ልጅ ሲጎዳብን ቃሉን አሳምረን ልንሰጠው እንሮጣለን። ከፍቅር ነው፤ ከፍርሃትም ነው። ግን የእኛን ቃል ባሸከምነው ቁጥር የራሱ ይጠፋበታል። የወላጅ ሥራ ፍርሃቱን ማቅለል ነው። የሆነውን የሚናገረው እሱ ነው፤ በራሱ ቃል፣ በራሱ መንገድ።

እርስዎ ቢሆኑ አፍዎን መያዝ ይችሉ ነበር?