ከጫኔ ሆድ ውስጥ የሚናገረው

ቀረብ በሉና አዳምጡኝ። አንተ ማዶ ያለኸው፣ አፍህን ግጠም፤ የዛሬው ወሬ የአፍ ነገር ነው።

በድሮ ዘመን፣ ድንች ለደጋው ገና እንግዳ በነበረበት ጊዜ፣ ጫኔ የሚባል ሀብታም ገበሬና ደጊቱ የምትባል ሚስቱ ነበሩ። ጫኔ ደግ ነው፣ ግን ሆዳም ነው። ደጊቱ ትንሽ ናት፣ ግን ልበ ሙሉ ናት። ባሏን ስትወደው ደግሞ ለጉድ ነው!

አንድ ቀን ጫኔ በልቶ ሲያበቃ ከሆዱ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። ሆድ ሲጮኽማ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ይኼኛው ግን ይናገራል። «ቅቤ» አለ ቀስ ብሎ። «ቅቤ። ቅቤ።» የጫኔ ከንፈር ንቅንቅ አላለም።

ደጊቱ ክው አለች። ሕመም ነው ብላ አሰበች፤ ታዲያ ባሏ ታሞ ቅቤ ካማረው እንዴት ትከልክለው? አንጥራ አጠጣችው። «ጮማ» አለ። በግ አሳረደች። «ማር» አለ። ከነሰፈፉ አቀረበች። ያ ድምፅ በበላ ቁጥር እየወፈረ ሄደ፤ ጫኔ ግን ከሳ፣ ጉንጩ ገባ፣ መቀነቱ ሁለት ጊዜ ዞረው። ሊሞት ነው ብላ ደጊቱ እንቅልፍ አጣች።

ከዚያ ዓብይ ጾም ገባ። ቅቤው ቅል ውስጥ ተከድኖ ተሰቀለ፣ ሥጋው ቀረ። ጓዳ ውስጥ የተገኘው አንድ ቁና ድንች ነው። ደጊቱ ከነልጣጩ አጠበችው፣ በእሾህ ወጋ ወጋ አደረገችው፣ ነበልባሉ እስኪበርድ ጠብቃ ረመጥ ውስጥ ቀበረችው። አልቸኮለችም። አገላበጠችው። ልጣጩ ተጨማዶ ውስጡ ፍርፍር ሲል አወጣችና አመዱን እፍ ብላ ጨውና ሚጥሚጣ ነሰነሰችበት።

«እንካ የኔ ጌታ፣ አፈር ስሆን ቅመስልኝ።»

ጫኔ ጎረሰ፤ ጣፈጠው። ሆዱ ግን ጮኸ። «ይኼ ምንድን ነው? ቅቤውስ?»

«ጾም ነው» አለች ደጊቱ።

ያን ቀን ጫኔ ያለ ደጋፊ ተነሥቶ እስከ በር ሄደ። ያኔ ገባት። ስታበላ የከረመችው ባሏን አልነበረም።

በማግስቱም ጠበሰችለት። ድምፁ ተለወጠ፤ የሞተችው እናቷ ድምፅ ሆነ። «ደጊቱ፣ ልጄ፣ ጠብታ ቅቤ ብቻ ስጪኝ።» እናቷን ከቀበረች ሰባት ዓመቷ ነው! ጆሮዋን ደፍና አለቀሰች፤ ቅቤውን ግን አላወረደችም።

በሦስተኛው ቀን የራሱ የጫኔ ድምፅ ሆነ። «ደጊቱ፣ ሞትኩብሽ እኮ። ቅቤ አውርጂልኝ። ልትገድይኝ ነው?»

እጇን ወደ ቅሉ ሰደደች። ጣቷ ነካው። ዘወር ብላ ባሏን ስታይ ግን አፉ በድንች ሞልቷል፣ እያኘከ ነው። እንባው እየወረደ ራሱን ይነቀንቃል፤ አትስጪው ይላታል። አፉ የሞላ ሰው እንዴት አድርጎ ይናገራል?

«ቆይ ብቻ» አለች በልቧ። አንድ ትልቅ ድንች ሳትወጋ ረመጡ ውስጥ ከተተች። ያልተወጋ ድንች እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል፤ እናንተ እንዳትሞክሩት! ድንቹ ሲግል «ና ውጣ» አለችው። «ቅቤውን እዚህ ውስጥ ደብቄልሃለሁ።»

የጫኔ አፍ በሰፊው ተከፈተ። ግራጫ፣ እርጥብ፣ ዐይን የሌለው፣ አፍ ብቻ የሆነ ነገር እየተሳበ ወጣ። ምድጃው ዘንድ ደርሶ ድንቹን እንዳለ ዋጠው።

«ቅቤው የታለ?» አለ በእናቷ ድምፅ። «የታለ?» አለ በባሏ ድምፅ። ሦስተኛውን ሳይጨርስ ቧ! አለና ፈነዳ። ከአመድ በቀር የተረፈ ነገር የለም።

ደጊቱ አንድ ድንች አቀረበች፤ ጫኔ ቀስ ብሎ በላ።

«ልጨምርልህ?» አለችው፣ መልሱን እየፈራች።

«በቃኝ» አለ።

ከታመመ ጀምሮ ይህች ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ደጊቱ እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የምትወዱትን ሰው ስታበሉ ማን እየበላ እንደሆነ ልብ በሉ። ለጤናው የሚበጀውን ስጡት እንጂ ሆዱ የጮኸለትን ሁሉ አታቅርቡለት። እኔ ተረቴን አብስዬ ሰጥቻችኋለሁ፤ እናንተ ሳትቸኩሉ አላምጡት።