ገደሉ ያከከው ጀርባ

ተረት ተረት! የላም በረት በሉኝና ከገደል አፋፍ ልጀምርላችሁ። የዝንጀሮዎች አገር ወረርሽኝ ገባበት። አሮጊቷ ዝንጀሮ በሽታው በእጅ እንደሚተላለፍ አይታ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማንም የሌላውን ቅማል እንዳይለቅም» አለች።

በዝንጀሮ ዘንድ ቅማል መልቀም ሰላምታም ፍቅርም ነው። ቀልደኛው ልጇ ሳቀ። «እማዬ፣ እከክልኝ ልከክልህ ቀረ በይኛ! ጀርባዬን ማን ይከክልኝ? ገደሉ?»

«አዎ ልጄ፣ ገደሉ።»

በማግሥቱ ራሷ ታመመችና ብቻዋን ወደ ሩቁ ቋጥኝ ወጣች። ልጇ ሊለቅምላት ቢከተላት ድንጋይ አንስታ መለሰችው። ዞር ሲል መንጋው ገደሉን ሞልቶ፣ ተራርቆ፣ ጀርባውን በዓለት ያካል፤ ከዚያ ሁሉ እጅ አንዱም ሌላውን አይነካም። እሱም ጀርባውን ለገደሉ ሰጠ።

ወረርሽኙ ሲያልፍ መንጋው ሁሉ በሕይወት ነበር፤ ቋጥኙ ላይ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።