የመርሻን ልጅ ክርስትና ማን ያንሳው?

በአንድ ወቅት፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ባለ አንድ ወደብ፣ አምሳለ የምትባል የመርከበኛ ሚስት ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን ነፍሰ ጡር ሳለች ባሏን መርሻን ባሕር ወሰደባት፤ ስሙን ደግሞ ሰዎች ወሰዱባት። ባሕሩን ይቅር ብላለች። ሰዎቹን ግን ይቅር አላለችም፤ እኔም አልፈርድባትም።

ነፋስ የሚባል ባልነበረበት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መርሻ በሚሠራባት የጥበቃ መርከብ ፊት አንድ የሚያበራ ነገር በሰማይ መጣ። ክንፍ የለው፣ ድምፅ የለው። ራዳር ላይ የተቀመጠው ፍሥሓ፣ ነገሩ ከየትኛውም አውሮፕላን ፈጥኖ ሲቀርብ ተከታተለው። በመነጽር ባሕሩን የሚቃኘው ገብረኪዳን አየው፤ መሪ የያዘው ውብሸትም አየው። ነገሩ ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመና ውኃው ውስጥ ገባ። አዛዡ ትንሿ ጀልባ ወርዳ ታጣራ ብሎ መርሻን ላከው። መርሻ ጀልባዋ ላይ ከመውረዱ በፊት የደንብ ልብስ ሸሚዙን አውልቆ፣ አጣጥፎ መርከቡ ላይ አስቀመጠ። እዚያ መርከበኛ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ ጨው ልብስ ይበላል፣ ሚስትም ትቆጣለች። ጀልባዋ ቦታው ስትደርስ ያ ነገር ከሥሯ ተነሥቶ ወደ ሰማይ ተመነጠቀ። ጀልባዋ ተገለበጠች፤ መርሻም ከዚያ በኋላ አልታየም።

አዛዡ ወደብ እስኪደርስ ምን እንደሚል አስቦ ጨርሷል። ምንነቱን ወደማላውቀው ነገር ሰው ልኬ አስጨረስኩ ከማለት፣ ሰማይ ላይ ምንም አልነበረም ማለት ቀለለው። ምንም ካልነበረ ታዲያ መርሻ በጀልባ የት ሄደ? ከድቶ ወደ ማዶ ኮበለለ ተባለ። ማስረጃው ሸሚዙ ነው፤ የሚከዳ ሰው የደንብ ልብሱን ጥሎ ይሄዳል አሉ። አምሳለ የመርከበኞቹ አስተዳደር ቢሮ ድረስ ሄዳ፣ ሸሚዙን በጨው እንዳያበላሽ ዘወትር የምትጨቀጭቀው እሷ እንደሆነች ነገረቻቸው። ሳቁባት። የከሃዲ ሚስት ስለሆነችም ከመርከበኞች ሰፈር ቤቷን እንድትለቅ አዘዟት። ከዚያን ቀን ወዲያ ንዴቱ እንባዋን አደረቀው።

ፍሥሓ መርማሪዎቹ ፊት ቀርቦ ያየውን አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ቃልህን ለውጥ ብለው አግባቡት፣ አስፈራሩት። «ያየሁትን አይቻለሁ» ከማለት በቀር መልስ አልሰጣቸውም። አእምሮው ተነክቷል ተብሎ ተባረረ፤ ዛሬ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማል። የእጮኛውም ወላጆች ልጃችንን ለእብድ አንድርም አሉ። መርሻ ግን ያው ከሃዲ እንደተባለ ቀረ፤ የእብድ ምስክር ያለው ከሃዲ ተብሎም ተቀለደበት።

ውብሸት ምንም አላየሁም ብሎ ፈረመ። ይህን የሰማች ዕለት አምሳለ በሯን ዘጋችበት። እሱ ግን የፈረመው ጀልባ እንዲፈቅዱለት ተስማምቶ ነው። በየዕረፍት ቀኑ ሰው የማይኖርባቸውን ደሴቶች ሲያስስ ከርሞ፣ መርሻን አንዱ ደሴት አሸዋ ላይ አገኘው። በጣት ቀለበቱ ለየው፤ አምጥቶም በወግ አስቀበረው። አምሳለ መቃብሩ ላይ ተደፍታ ያን ሁሉ ጊዜ ያልወጣላትን ለቅሶ አለቀሰች። ቢሮው ግን ሲኮበልል ሰጥሟል ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

ገብረኪዳን ከአደጋው ማግስት ታሞ ያን ሁሉ ወራት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሲወጣ የሁለቱን ጓደኞቹን ድካም ተመለከተና የራሱን መንገድ መረጠ። መጽሐፍ ቅዱስ መትቶ፣ መርሻ ለሥራ ታዝዞ ሲሄድ ማዕበል ገለበጠው ብሎ ማለ። አዛዡም ደስ አለው፤ ማዕበል ማንንም አያስጠይቅም። መርሻ በግዳጅ ላይ የሞተ ጀግና ተባለ፤ አምሳለም ቤቷ ተመለሰች። ቤተ ክርስቲያን ያደገው ገብረኪዳን ግን ከዚያ ወዲህ ሊቆርብ ደፍሮ አያውቅም። በዚያ መሐላም ፍሥሓ እብድ መሆኑ ተረጋገጠ ተባለ።

አምሳለ ወንድ ልጅ ወለደች። ሦስቱም ክርስትና እኔ ላንሳ ብለው መጡ።

«እውነቱን የተናገርኩት እኔ ነኝ» አለ ፍሥሓ።

«እውነትህ ከቤቴ ከመባረር አላዳነኝም» አለችው።

«ወንድሜን አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ» አለ ውብሸት።

«አንተም ተናግረህ ቢሆን ፍሥሓን ብቻውን እብድ ይሉት ነበር?»

«እህቴ፣ ስሙን በነፍሴ የገዛሁት እኔ ነኝ» አለ ገብረኪዳን።

«ነፋስ በሌለበት ቀን ማዕበል አመጣህ። መርሻን ወደዚያ ነገር የላከውን ሰው በነጻ አሰናበትከው።»

ሦስቱንም ልታባርራቸው ወደደች። ግን ልጁ አባት የለውም፤ አድጎ አባቴ እንዴት ሞተ ሲል የሚመልስለት የክርስትና አባቱ ነው። ፍሥሓ እውነቱን ይነግረዋል፤ ልጁም ያንን ሲደግም እንደ ፍሥሓ ይሳቅበታል። ውብሸት መቃብሩን ያሳየውና ዝም ይላል። ገብረኪዳን መሐላውን ካፈረሰ የመርሻ ስም ይፈርሳልና፣ እስኪሞት ድረስ ስለ ማዕበሉ ይነግረዋል።

በክርስትናው ዕለት አዛዡ አዲስ ማዕረጉን ትከሻው ላይ ደርድሮ፣ የጀግና ልጅ ክርስትና ነው ብሎ ከፊት ቆመ። አምሳለ ዓይኗን ከሱ ላይ አልነቀለችም። ቄሱ ልጁን አጥምቀው ሲጨርሱ «የሚያነሳው ማነው?» አሉ። ሦስት ሰዎች እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም ወደ እናትየው ዞረ።

እናንተ አምሳለን ብትሆኑ፣ ልጁን ለማን ትሰጡታላችሁ?