የአስናቀ ጋቢ

ተረት አለኝ የምዘረጋ፤ ጆሮ ያለው ወደኔ ይጠጋ።

ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አስናቀ ይባላል። አንድ ቀን በእርሻ ድንበር ጠብ ተነሣ፤ ዱላ ተማዘዙ፤ የአንድ ሰው ክንድ ተሰበረ። ማን እንደሰበረው አየሁ የሚል አልተገኘም። ስለዚህ በቦታው የነበሩት ሁሉ ተያዙ፤ አስናቀም አብሮ ተያዘ። ፍርዱ ገና ነው። ቀጠሮ ይደርሳል፤ ቀጠሮ ይለወጣል።

የታሰረው አንድ ሰው ነው፤ የሚከፍለው ግን ቤቱ በሙሉ ነው። ቀዩ በሬ ለጠበቃ ሄደ። ጥቁሩ በሬ ለስንቅና ለመንገድ ሄደ። ዶሮዎቹ የት እንደሄዱ ደብሪቱ ራሷም አታስታውስም። ቤት የቀረ አንድ ጋቢ ነበር፤ እሱም ተሸጠ።

ታኅሣሥ ገባ። ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ያነጣ ጀመር። በጥየቃ ቀን ደብሪቱ ወደ ወረዳው ከተማ ወርዳ ባሏን በሽቦው በኩል አየችው። ትከሻው ጠቧል።

"ደብሬ" አላት፣ "ሌላ ምንም አልልሽም። ጋቢ ብቻ ካገኘሽልኝ። ሲሚንቶው አጥንት ድረስ ይገባል።"

"አመጣለሁ" አለችው።

እንግዲህ የፈለገው ይኸው ነው። አንድ ጋቢ።

ደብሪቱ አገሯ ተመልሳ ወደ ሸማኔው ወደ ኩራባቸው ሄደች። ክረምቱን ፈትላ ድሩንም ማጉንም ሰጥታው ነበር። ጋቢው አልቆ፣ ታጥፎ፣ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጧል።

"ጋሽ ኩራባቸው፣ ጋቢውን ይስጡኝ። አስናቀ በረደው።"

ኩራባቸው ጋቢውን አየ፤ እሷን አየ። "ልጄ፣ ባለፈውም በዱቤ ወስደሻል፤ አልተቀየምኩሽም። ግን የኔም ቤት ይበላል። አንድ ቁና ጤፍ አምጪና ጋቢሽን ውሰጂ።"

ክፉ አልተናገረም። ሸማኔ ድር አይበላም።

እንግዲህ፦ ሸማኔው ጋቢ አይሰጥም፣ ጤፍ ካላየ። አስናቀም ይበርደዋል።

"ጤፍማ አለኝ" አለች ደብሪቱ በልቧ። እውነቷን ነው። ጎረቤት አጭዶላት፣ ተሸክማ፣ ከምራዋለች። ክምሩ አውድማው ዳር ቆሟል። ነገር ግን ክምር ክምር ነው፤ በሬ ሄዶበት ካልተበራየ ቁና አይሞላም። በሬዎቿ ደግሞ የት እንደገቡ ነግሬያችኋለሁ።

ወደ ጎረቤቷ ወደ ወንድይፍራው ሄደች። ደጁ ላይ ተቀምጦ መንሹን ይጠግናል።

"አቶ ወንድይፍራው፣ በሬዎችዎን ያውሱኝ።"

"ለምን?"

"ሸማኔው ጋቢ አይሰጥም፣ ጤፍ ካላየ። ጤፉ ከክምር አይወርድም፣ በሬ ካልሄደበት። አስናቀም ይበርደዋል።"

ወንድይፍራው መንሹን አስቀመጠ። "አስናቀ ይሙት አዝኛለሁ። ግን የኛ ነገር ወንፈል ነው። እኔ በሬ እሰጠዋለሁ፣ እሱ መንሽ ይዞ እኔ አውድማ ይውላል። ዘንድሮ ማን ሊውልልኝ ነው? ወገቤ እንደሆነ አይታጠፍም።"

"እኔ እውላለሁ።"

"አንቺማ" አለ ቀስ ብሎ፣ "የሳምንቱን ግማሽ እስር ቤቱ በር ላይ ነሽ። ግማሹን መንገድ ላይ ነሽ። መቼ ልትውይ?"

ደብሪቱ ይህንን አስባው አታውቅም ነበር። ስንቁን ስታስብ፣ ጠበቃውን ስታስብ፣ የራሷ ቀኖች እንደተወሰዱ አላየችም።

"አንድ ጉልበት ያለው ወንድ አምጪ" አለ ወንድይፍራው፣ "ያንቺንም የኔንም ያበራይ። ያኔ በሬዎቹን ነድተሽ ውሰጂ።"

እንግዲህ፦ ሸማኔው ጋቢ አይሰጥም፣ ጤፍ ካላየ። ጤፉ ከክምር አይወርድም፣ በሬ ካልሄደበት። በሬው ከበረት አይወጣም፣ ሰው ካልመጣ። አስናቀም ይበርደዋል።

ሰው አላት። ወንድሟ ደምላሽ ከወንዙ ማዶ ይኖራል። ወደ እሱ መሄድ ግን ከበዳት። ለምን ከበዳት? አሁን ትሰማላችሁ።

ደምላሽ ነዶ ተሸክሞ ከማሳው ሲወጣ አገኘችው። በጀርባው ነው የተሸከመው። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል።

"ወንድምዓለም፣ መጥተህ አበራይልኝ።"

ነዶውን አወረደና እላዩ ላይ ተቀመጠ። "እስቲ ንገሪኝ፣ እታለም።"

"ሸማኔው ጋቢ አይሰጥም፣ ጤፍ ካላየ። ጤፉ ከክምር አይወርድም፣ በሬ ካልሄደበት። በሬው ከበረት አይወጣም፣ ሰው ካልመጣ። አስናቀም ይበርደዋል።"

"አህያዬስ?" አላት ደምላሽ።

ይኸው ነው የከበዳት። ስንቅ የምትጭንበትን አህያ ያዋሳት ደምላሽ ነው። ደብሪቱ ግን ያለ አህያ ነው የመጣችው።

"ከተማ ቀረች" አለች መሬት መሬት እያየች። "ስንቅ ይዤ የወረድኩ ቀን ወረፋው አልደረሰኝም፤ ሳላየው ልመለስ አልቻልኩም፤ አደርኩ፤ እንደገና አደርኩ። አህያዋ የሰው ጭድ በላች። የምከፍለው ስላልነበረኝ የጭዱ ባለቤት ያዘቻት።"

ደምላሽ አልጮኸባትም። ቢጮኽ ይቀላት ነበር። "አየሽ" አላት፣ "አህያዋ ብትኖር ነዶዬ እስካሁን አውድማ ገብቶ ነበር። እኔ በጀርባዬ ተሸክሜ መቼ ጨርሼ ያንቺን ላበራይ? አህያዬን አምጪልኝ፤ በማግስቱ እመጣለሁ።"

እንግዲህ፦ ሸማኔው ጋቢ አይሰጥም፣ ጤፍ ካላየ። ጤፉ ከክምር አይወርድም፣ በሬ ካልሄደበት። በሬው ከበረት አይወጣም፣ ሰው ካልመጣ። ወንድሟ ከማሳው አይመጣም፣ አህያዋ ካልመጣች። አስናቀም ይበርደዋል።

ደብሪቱ መቀነቷን አጥብቃ ወረደች። ከተማው ዳር፣ ከእስር ቤቱ አጥር ፊት ለፊት፣ ማንጠግቦሽ የምትባል ባልቴት አለች። ሥራዋ የጠያቂዎችን አህያ ማሳደር ነው። ብዙ ጠያቂ አይታለች፤ ብዙ ልቅሶም ሰምታለች፤ በቀላሉ የምትረታ ሴት አይደለችም።

"እትዬ ማንጠግቦሽ፣ አህያዋን ይስጡኝ።"

"ጭዴስ?"

"ብሩን ሳገኝ…"

"ብር አላልኩም። አህያ ብር አይበላም። የአምናው ጭድ አልቋል፤ የዘንድሮው ገና አልተወቃም፤ ጓሮዬ የሰው አህያ ሞልቷል። ጭድ በልታለች፣ ጭድ መልሺ። አንድ ሸክም።"

"እትዬ፣ እባክዎ ይስሙኝ። ሸማኔው ጋቢ አይሰጥም፣ ጤፍ ካላየ። ጤፉ ከክምር አይወርድም፣ በሬ ካልሄደበት። በሬው ከበረት አይወጣም፣ ሰው ካልመጣ። ወንድሜ ከማሳው አይመጣም፣ አህያዋ ካልመጣች…"

"አህያዋም ከጓሮዬ አትወጣም፣ ጭድ ካልመጣ" አለች ማንጠግቦሽ። "ጨርሼልሻለሁ።"

ደብሪቱ በመጣችበት ተመለሰች። እየሄደች ታስባለች። ጭድ ከየት ይመጣል? ከጤፍ ነዋ! ጤፉ ሲበራይ ፍሬው ወደዚህ፣ ጭዱ ወደዚያ ነው። ስለዚህ ጭዱ አይገኝም፣ ጤፉ ካልተበራየ። ጤፉ አይበራይም፣ በሬ ካልሄደበት። በሬው አይወጣም፣ ሰው ካልመጣ። ወንድሟ አይመጣም፣ አህያዋ ካልመጣች። አህያዋ አትወጣም፣ ጭድ ካልመጣ። ጭዱ አይገኝም፣ ጤፉ ካልተበራየ…

መንገድ መሃል ቆመች። ነገሩ መያዣ የለውም። እንደ አውድማ በሬ ዞራ ዞራ እዚያው ናት። ማንን ትክሰስ? ሸማኔው እውነት አለው። ወንድይፍራው እውነት አለው። ወንድሟ እውነት አለው። ማንጠግቦሽም እውነት አላት። የሁሉም እውነት ተደራርቦ እሷ ላይ ተጫነ እንጂ።

ቤቷ ገባች። ራት የሚበላ የለ፣ የሚጠብቅ የለ። ደክሟት አልጋዋ ላይ ዘፍ አለች።

ከሥሯ ተንኮሻኮሸ።

ደብሪቱ አዳመጠች። ትንሽ ተነሣችና እንደገና ተቀመጠች። እንደገና ተንኮሻኮሸ።

ፍራሽ ነው። ፍራሽ ደግሞ በምን ይሞላል? በጭድ!

ብቻዋን ሳቀች። አስናቀ ከታሰረ ወዲህ የሳቀችው ያን ቀን ነው። የፍራሹን ስፌት ተረተረች፤ ጭዱን በአንሶላዋ ቋጠረች፤ ያን ጊዜ እርጥብ ነገር እጇ ላይ ጠብ አለና ሳቁ ወደ ልቅሶ እንደዞረ አወቀች። አስናቀ ነበር ያንን ፍራሽ የሞላው። ሆኖም ቋጠሮዋን አጠበቀች። ያደረችው ቁርበት ላይ ነው።

ሲነጋ ሸክሙን አዝላ ወረደች። በመንገድ ያገኟት ሰዎች "አህያ ጠፋ እንዴ?" እያሉ ቀለዱባት። "አህያዋን ላመጣ ነው" አለቻቸውና አለፈች።

ማንጠግቦሽ ቋጠሮውን ፈታች። አንድ እፍኝ አንስታ አየችው፤ አሸተተችው።

"ይኼ ጭድ የሰው ጠረን አለው" አለች።

"የተኛሁበት ነው፣ እትዬ።"

ማንጠግቦሽ እፍኙን ቋጠሮው ላይ መልሳ አስቀመጠች። እዚያ አጥር ሥር ስትኖር በብር የከፈሏት አሉ፤ በእህል የከፈሏት አሉ፤ በእንባ ሊከፍሏት የሞከሩም አሉ። መኝታውን ያመጣላት ግን አልነበረም።

"አህያሽን ውሰጂ" አለች በመጨረሻ። "ጭዱንም መልሰሽ ተኚበት።"

"አይሆንም፣ እትዬ። ያበሉትን ነው የመለስኩት። የእርስዎ ነው።"

አንሶላዋን አራግፋ፣ አጥፋ፣ አህያዋን እየነዳች ሄደች። ማንጠግቦሽም ያንን ጭድ ለአህያ አልሰጠችውም። በጭቃ አቡክታ የቤቷን ግድግዳ መረገችበት፤ ብርድ ያስገባ የነበረው ስንጥቅ ተደፈነ።

ከዚያማ ምን ቀረ! ጭዱ ሲመጣ አህያዋ ወጣች። አህያዋ ስትመጣ ደምላሽ ነዶውን በእሷ ጭኖ ጨረሰ፤ መንሹን ይዞ ወንዙን ተሻገረ። ሰው ሲመጣ በሬው ከበረት ወጣ። ወንድይፍራው ራሱ ወገቡን ይዞ መጥቶ አውድማው ዳር ተቀመጠና በሬዎቹን በዜማ ያበረታ ጀመር። በሬው ሲሄድበት ጤፉ ተበራየ፤ ፍሬው ወደዚህ፣ ጭዱ ወደዚያ። ቁናው ሞላ። ጤፉ ሲመጣ ኩራባቸው አንድ እፍኝ አነሣ፤ ጣዕሙን በጥርሱ አየ፤ ጋቢውን ከራስጌው አውርዶ በሁለት እጁ ሰጣት።

"በጤና ይልበሰው" አለ።

በጥየቃ ቀን ደብሪቱ በሩ ላይ ተሰለፈች። ተራዋ ደረሰ። ጠባቂው ጋቢውን ዘረጋ፤ ጥለቱን ዳበሰ፤ እጥፉን በጣቱ ፈተሸ። "ይግባ" አለ።

አስናቀ ከሽቦው ወዲያ ተቀበለው። ደረበው፤ እስከ ጆሮው ተጠቀለለበት፤ ዓይኖቹን ጨፈነ። ደብሪቱ ትከሻው ቀስ በቀስ ሲወርድ አየች። ከታሰረ ጀምሮ እንደተሸማቀቀ የነበረ ትከሻ ነው።

"ደብሬ" አላት ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "እንዲህ ያለ ጋቢ ከየት አገኘሽ? ማን ሰጠሽ?"

ደብሪቱ አፏን ከፈተች። ሁሉም ምላሷ ላይ መጣ፦ ሸማኔው፣ ጤፉ፣ በሬው፣ ወንድሟ፣ አህያዋ፣ ጭዱ፣ ፍራሹ። ፊቱን አየችው። ከስቷል። አሁን ደግሞ ሞቆታል።

"ሸማኔው" አለችው።

"ደግ ሰው ነው።"

"አዎ" አለች ደብሪቱ፣ "ደግ ሰው ነው።"

ተረቴ አለቀ እንደ ድር፤ የሰማኝን ብርድ አይድፈር።