አዘምር ያለው ኮምፒውተር

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል።

ደሴ ውስጥ ጋሽ ወልደሰንበት የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጃቸው ሰናይት ሚዛን ከተማ የወለደቻትን ሕፃን ፊት ማየት። ጉልበታቸው መንገድ አያስኬድም። ሰናይት የተወችላቸው ኮምፒውተር ግን፣ የእግዜር ሥራ ነው መቼም፣ ከደሴ ሆኖ ሚዛንን ያያል። ዛሬ ሕፃኗ ክርስትና ተነስታለች፤ በቪዲዮ ሊያይዋት ነው።

ቢከፍቱት አንድ ቃል ጻፈላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ፊደሉን ለቀሙ። «አ... ዘ... አዘምር!» ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አንድ መዝሙር እስከ መጨረሻው ዘመሩለት። ቃሉ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ጎረቤታቸው ስንዱ ድምፅ ሰምታ ገባች። «ኧረ ጋሼ! አዘምን ነው የሚለው! አፕዴት አድርገኝ ማለቱ ነው!»

ኮምፒውተሩም «ሳልዘምን የሕፃኗን ፊት አላሳይም» አለ።

አፕዴቱን ግባ አሉት። አፕዴቱ «እኔ ስገባ ዕቃ የሚናጋበት ቤት አለ። የትርንጎ ድምፅ ሌላ ቦታ ሳይቀመጥ አልገባም» አለ። ጋሽ ወልዴ ክው አሉ። ሟች ሚስታቸው ትርንጎ የዘመረችው መዝሙር በዓለም ላይ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። አፕዴቱ አልገባ አለ፤ ኮምፒውተሩ ፊቷን አላሳይ አለ፤ ጋሽ ወልዴም የልጅ ልጃቸውን ሳያዩ ዋሉ።

ድምፁን ውጣልኝ አሉት። ድምፁ «ማደሪያ ሳላገኝ አልወጣም» አለ። ድምፁ አልወጣ አለ፤ አፕዴቱ አልገባ አለ፤ ኮምፒውተሩ ፊቷን አላሳይ አለ፤ ጋሽ ወልዴም ሳያዩ ዋሉ።

ስንዱ ጥፍር የምታህል ፍላሽ አመጣች። ፍላሹ «የስንዱን ልጅ ሠርግ ከነጭፈራው ተሸክሜያለሁ። እሱ ሳይወርድ ማንንም አላሳድርም» አለ። ሠርጉን ውረድ አሉት። ሠርጉ «ስንዱ ሳታዝዝ አልወርድም» አለ።

«እዘዢው እንጂ አንቺ!» አሏት።

«የት ይውረድ ጋሼ? ሌላ ቅጂ የለኝም።»

«እዚሁ ኮምፒውተሩ ላይ።»

«አፕዴት ሲሆን ቢያጠፋብኝስ? አላዝም!»

ስንዱ አላዝ አለች፤ ሠርጉ አልወርድ አለ፤ ፍላሹ አላሳድር አለ፤ ድምፁ አልወጣ አለ፤ አፕዴቱ አልገባ አለ፤ ኮምፒውተሩ ፊቷን አላሳይ አለ፤ ጋሽ ወልዴም ሳያዩ ዋሉ።

ሰናይት ስልክ ደወለች። «አባዬ፣ ምነው ቆየህ? የልጅቷ እንቅልፍ መጣ እኮ!»

ጋሽ ወልዴ ጣታቸውን ወደ ቃሉ ላኩ፤ መልሰው ሰበሰቡት። «ጌታዬ፣ ሕፃኗን ልይ ብዬ ትርንጎን ሁለተኛ ልቅበራት?»

ስንዱ ይህን ስትሰማ ቀና ብላ አየቻቸው። «ጋሼ፣ የኔ ልጅ በሕይወት አለ። እሑድ እሑድ እየመጣ ድስቴን ያራቁታል። ሠርጉ ቢጠፋ እሱን አየዋለሁ። ትርንጎን ግን ከየት እናመጣታለን? ይውረድ!»

ስንዱ አዘዘች፤ ሠርጉ ወረደ፤ ፍላሹ ባዶ ሆነ፤ ድምፁ ገብቶ አደረበት። «ቆይ፣ መግባቱን እንስማ» አለች ስንዱ። ሰሙት። ያ ሁሉ የትርንጎ ድምፅ፣ ጥፍር በምታህል ነገር ውስጥ! ጋሽ ወልዴ ፍላሹን ነቅለው በመሐረብ ቋጠሩ፤ በስመ አብ ብለው ቃሉን ተጫኑ።

ኮምፒውተሩ ጨለመ። ሁለቱም ቆሙ። «ወይኔ ሠርጌ» አለች ስንዱ በሹክሹክታ። ጋሽ ወልዴ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ከጨለማው መሃል ክር የምታህል ብርሃን ብቅ አለች፤ ዞረች፤ ዞረች።

አፕዴቱ ገባ፤ ኮምፒውተሩ ዘመነ፤ ሠርጉ ከነጭፈራው ቁጭ ብሎ ተገኘ፤ ከዚያ ሁሉ ተራራ ማዶ የሕፃኗ ፊት መጣ። አዛጋች። ጋሽ ወልዴ መሐረቡን ፈትተው ፍላሹን ሰኩ።

ትርንጎ ዘመረች። የሕፃኗ ዐይን ሊከደን ሲል ተገለጠ፤ የምትዘምረውን አያቷን ፈልጋ ወዲያ ወዲህ አየች።

«አላልኩሽም ስንዱ?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «አዘምር ነው ያለው!»

ተረቴን ተቀበሉኝ፤ ለትርንጎም ነፍስ ይማር በሉልኝ።