ሁሉ ደኅና ነው የሚለው አጋፋሪ

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ ናሁሰናይ፣ አታቋርጠኝ! «በድረ ገጻችን ሰርቨር ላይ የሚፈጠረውን ስህተት የጻፍኩት ኮድ ያዝ አድርጎ ዝም ቢያሰኘው ምን ክፋት አለው?» ብለህ የለ? መልሱን ነው የምነግርህ።

ሰውዬው ባለጸጋ ነበር። እሱ የሚኖረው ከተማ፣ እርሻውና የዳራት አንዲት ልጁ ከወንዝ ማዶ። ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት። ግን አንድ ክፉ አመል ነበረበት፤ መጥፎ ወሬ አይወድም። ደጁ ላይ መልእክት ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያደርስ አጋፋሪ ነበረው። አንድ ቀን አጋፋሪው ማዕድ ላይ ገብቶ «ጌታዬ፣ በሬዎቹ ታመዋል» ቢል፣ ባለጸጋው የጠቀለለውን ጉርሻ ጥሎ «ሟርተኛ! ሁለተኛ እንዲህ ያለ ወሬ ይዘህ ብትገባ ደጄን አትረግጥም!» ብሎ በእንግዶቹ ፊት አዋረደው።

አጋፋሪውም ልጆች አሉት፤ ምን ያድርግ? ከዚያ ወዲያ ለመጣ ሁሉ «እሺ፣ ይነገራል» ይላል፤ ጌታው ሲጠይቀው ደግሞ «ሁሉ ደኅና ነው።» ባለጸጋው ደስ አለው። «አጋፋሪ ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ ካባ ሸለመው።

በክረምት ከማዶ መልእክተኛ መጣ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። «ልጃቸው ምጥ ጸንቶባታል። ሐኪም ይዘው ይድረሱልን በላቸው» አለ። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። አጋፋሪው አመነታና «እሺ፣ ይነገራል» አለው። መልእክተኛውም የሚነገርለት መስሎት፣ ሌላ ሐኪም ሳይፈልግ ተመለሰ።

ማታ ባለጸጋው «ልጄ እንዴት ናት?» አለ።

«ደኅና ናት ጌታዬ።»

እሱም ጠግቦ ተኛ። ወይ አለመታደል!

ሳምንት ሳይሞላ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከማዶ የመጡ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጁ ላይ ቆሙ። መርዶ መሆኑን ሲያያቸው ነው ያወቀው። «መቼ ታመመች? ምነው ሳትነግሩኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ልከንብህ ነበር እኮ። ሐኪም ይዘህ ትመጣለህ ብለን መንገድ መንገዱን ስናይ አለፈች» አሉት።

ከዘራውን አንሥቶ ወደ አጋፋሪው ዞረ። አጋፋሪው አልሸሸም። ካባውን አወለቀና እግሩ ሥር አኖረው። «ጌታዬ፣ እንዳስተማሩኝ ነው የሠራሁት» አለ። ከዘራው አየር ላይ ቀረ። ማንን ይምታ?

አየህ ናሁሰናይ፣ ባለጸጋው አንተ ነህ፤ አጋፋሪው ደግሞ የጻፍከው ኮድ። ስህተቱን ለምን ያዝክ አላልኩህም፤ አጋፋሪም በር ላይ መቆም አለበት። ማዳን ከቻለ ያድን። ካልቻለ መዝግቦ ለሚችለው ያድርስ፣ የላከውንም «አልተሳካም፣ ሌላ መንገድ ፈልግ» ይበለው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? በእኛ ድረ ገጽ መድኃኒት የሚያዙት የገጠር ጤና ጣቢያ ነርሶች ናቸው። ትእዛዙ የሚከማችበት ዳታቤዝ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልመዘገበም፤ የአንተ ገጽ ግን አሁንም «ትእዛዝዎ ደርሶናል» ይላቸዋል። እነሱም መንገድ መንገዱን እያዩ ነው።