እንቆይ በር ስለምን አይመሰገንም

«አገሬ እንቆይ በር ድንጋይ ነው አፈሩ፣
ውሃው መራራ ነው፣ እሾህ ነው ድንበሩ።»

አዝማሪው ይህን ሲል ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ሙሽራዋን ሊወስዱ ከማዶ አገር የመጡት ሚዜዎች ግን እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው አላስቻለውም።

«ምነው እናንተ፣ ሰው አገራችሁን ሲሰድብ እልል ትላላችሁ?»

አጠገቡ የተቀመጡት ባልቴት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ «ምን ይበል ታዲያ ልጄ፣ ድንጋይ ነው እኮ» አሉት።

ሚዜው የበላው የዚያው አገር ነጭ ጤፍ ነው። የጠጣው ጠላም በዚያው ምንጭ ውሃ የተጠመቀ ነው። እንቆይ በር እንዲህ ነው። ሰርግ ይሁን ክርስትና፣ አዝማሪ አገሩን ካነሳ አጥላልቶ ነው የሚያነሳው። እንግዳ መጥቶ «ደግ አገር ነው» ቢል እንኳ «ደግነቱ የቱ ላይ ነው? ይልቅ ሳይመሽብህ ሂድ» ይሉታል። ደህና አድርገው ካበሉት በኋላ ነው ታዲያ።

ይህ ልማድ ከአንድ ሰው የመጣ ነው ይባላል። ሰውየው ጫንያለው ይባል ነበር፤ አዝማሪ ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ይርገዱ ናት። እሷም ባሏ ቀድሟት ሞቶ፣ አንድ ማሳና ሁለት በሬ ይዛ ትኖር ነበር። እሱ እሷን «እታለም» ይላታል፣ እሷ «ጫኔ» ትለዋለች። የመጀመሪያውን ማሲንቆ ቆዳ የወጠረችለት እሷ ናት ይላሉ።

በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደሆነ በደንብ የሚያውቅ የለም። ብቻ ያኔ እንቆይ በርን ከላይ ከደጋው የሚያልፍ መንገደኛ ገደል እንጂ አገር አያይም ነበር። ማሳው፣ ምንጩ፣ የንቡ ዋሻ፣ ሁሉም ከገደሉ ሥር ተሸሽጎ ነው ያለው። መውረጃውም አንድ ብቻ ነው፤ የሚያውቁትም የዚያው ሰዎች ናቸው። ጦር በላይ ያልፋል፣ እነሱ በታች ያርሳሉ። ዕድሜያቸውን የኖሩት እንዲያ ነው።

ጫንያለው ግን የአዝማሪ እግር አላስቀምጠው አለና ወጣ። ከገበያ ገበያ፣ ከሰርግ ሰርግ ሲል ሦስት ዓመት ሞላው። በመጨረሻ ደጃዝማች ገላዬ ከሚባሉ መስፍን ሰፈር ደረሰ። ያን ጊዜ በጋው ከብዶ፣ የሰፈሩ ሣር አልቆ፣ ፈረሶቹ የድንኳን ገመድ ይቆረጣጥሙ ነበር ይባላል።

አንድ ቀን በቀትር፣ ግብር ላይ፣ ደጃዝማቹ አዝማሪዎቹን «ዛሬስ ጀግና ሰለቸኝ፤ እስኪ አገር አገራችሁን ንገሩኝ» አሉ። ሁሉም የየአገሩን ሁለት ሁለት ስንኝ እያለ ተቀመጠ። ተራው ጫንያለው ላይ ደረሰ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ሰው አገር ዘፍኗል፤ የራሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ማሲንቆውን ደረቱ ላይ አስጠጋና ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን ሲጨፍን እንቆይ በር ወለል ብሎ ታየው፤ እንዳየውም ከላይ ጀምሮ እየወረደ ዘፈነው።

«ከሾላው በግራ ገደሉን ሲወርዱ፣
ማር ማር ነው የሚለው ጠጠሩ መንገዱ።»

ማሳውን በየስሙ ጠራ። ምንጩን ጠራ፣ ንቡን ጠራ። የእህቱን ጎተራ ሳይቀር ጠራ። ደጃዝማቹ የያዙትን ሥጋ አስቀመጡ።

«ምንጩ በጋ ከርሞ አይነጥፍም?» አሉ ቀስ ብለው።

ከጎኑ አያ ብሬ የሚባሉ ሽማግሌ አዝማሪ ነበሩ። በክርናቸው ጎሸም አደረጉትና፣ «አንተ፣ በቃህ። ሰውየው የሰጠህ ጆሮውን አይደለም፣ ሆዱን ነው» አሉት በሹክሹክታ። ጫንያለው ሰምቷቸዋል። ግን እንደዚያ ቀን ተሰምቶ አያውቅም፤ ያን ሁሉ ጌታ ስለ እንቆይ በር አፉን ሲያስከፍት ደስታው ራሱ ላይ ወጣ።

«ግንቦት የማይነጥፍ ምንጭ አለ ከቀዬ፣
ሺህ ፈረስ ቢጠጣው አይጎድል ጌታዬ።»

ደጃዝማቹ ሳቁ። በቅሎ ከነኮርቻዋ ሸለሙት። በማግስቱም ድንኳን ይነቀል አሉ።

ጫንያለው ነገሩ የገባው ጭነት ሲጫን አይቶ ነው። ሮጦ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ጌታዬ፣ ዘፈን እኮ ነው! የአዝማሪ ነገር፣ ውሸት ነው!»

«ተነስ አንተ» አሉት። «ውሸትማ እንዲህ አያምርም።»

በዚያችው በተሸለማት በቅሎ አስቀምጠው ፊት ፊት አስኬዱት። ከሾላው ሲደርስ በሬሳዬ ላይ ካልሆነ አልመራም ብሎ በልቡ ቆረጠና በቅሎዋን ወደ ቀኝ መለሳት። ከኋላው ያለው ወታደር ሳቀበት።

«ምነው አዝማሪ፣ አገርህ ጠፋህ? በግራ አላልክም እንዴ?»

ሠራዊቱ ዘፈኑን በመንገድ ላይ አጥንቶት ኖሯል። አንዱ አነሳው፣ ሺው ተቀበለው። መሪም አላስፈለጋቸው፤ «ከሾላው በግራ» እያሉ እየዘፈኑ ገደሉን ወረዱት።

ሽማግሎች ከሁሉ ይህኛው ይከብዳል ይላሉ። ከታች ያሉት ሰዎች ዘፈኑን ሰሙት። የሾላውን፣ የምንጩን፣ የማሳቸውን ስም ሲሰሙ ጫኔ ሰርገኛ አስከትሎ ወደ አገሩ የገባ መሰላቸው። ሥራቸውን ጥለው ወጡ። ይርገዱም ጠላ በማሰሮ ይዛ፣ እልል እያለች፣ ከሁሉ ቀድማ ገደሉ ሥር ቆማ ጠበቀችው። ጫንያለው ከበቅሎዋ ላይ ሆኖ አያት። እጁን ወደኋላ እያወዛወዘ «ሂጂ! ሂጂ!» ይላታል። እሷ የሰላምታ መስሏት የባሰ እልል አለች።

ወታደሩ በየገበሬው ቤት ተሰራ። ተሰሪ ይሉታል፤ አብሉኝ አጠጡኝ የሚል፣ የማይሄድ እንግዳ ማለት ነው። ይርገዱ ቤት አራት ገቡ። በመጀመሪያው ዓመት እህሏን በሉ፣ በሁለተኛው ዘሯን በሉ፣ በሬዎቿንም አንድ በአንድ አረዱ። ሞፈርና ቀንበሩን አንድደው ሥጋውን ጠበሱበት። የንቡን ዋሻ እሳት ለቀቁበት። ምንጩንም ፈረስ እየገባ አፉን ረግጦ ረግጦ አጨቀየው፤ በሁለተኛው ግንቦት ውሃው ወደ መሬት ተመልሶ ገባ።

ጫንያለውን የሰደበው ሰው የለም። የመታውም የለም። በደጃፋቸው ሲያልፍ ሥራቸውን ይሠራሉ። እሱም ማታ ማታ ከደጃዝማቹ ድንኳን እንዳይለይ ታዞ፣ ያችኑ ዘፈን ድገም ይሉታል፤ እየደገመ ያለቅሳል፤ እነሱ ደግሞ ሲያለቅስ ይበልጥ ያምራል ይላሉ።

በሦስተኛው ዓመት ሰዉ አገሩን እየለቀቀ ወደ ቆላ ወረደ። የሚበላ ሲያልቅ ደጃዝማቹም ሠራዊታቸውን ይዘው ወጡ፤ ወዴት እንደሄዱ ማንም አልጠየቀ። ጫንያለው በመንገድ ከዳቸው ይባላል። ከዚያ ወዲያ ጦር በሰፈረበት ሁሉ እየዞረ ስለ እንቆይ በር ይዘፍን ጀመር፤ አፈሩ ድንጋይ ነው፣ ውሃው መራራ ነው፣ ድንበሩ እሾህ ነው እያለ። መሳፍንቱ ይስቃሉ፤ «ድሃ አገርህን ይዘህ ሂድ» ይሉታል። በዚያም መንገድ ጦር ሳይወርድ ብዙ ዘመን አለፈ። ምንጩ ቀስ በቀስ ዓይኑን ከፈተ፤ እንደ ጥንቱ አይደለም ግን ይፈሳል። የሸሹት ልጆችም አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ፤ ዛሬ ያሉት የእነሱ ዘር ናቸው። ጫንያለው ግን አልተመለሰም፤ መቃብሩም አይታወቅም። ሰዉ ዘፈኑን ከእሱ ወርሶ እስከ ዛሬ ይዘፍነዋል።

አንዳንዶች ያን ማጥላላት ያመጣው ለብልሃት ነው ይላሉ። አዋቂዎቹ ግን ያመጣው ከአገር ስትወጣ እህቱ ያለችው ቃል ነው ይላሉ።

ይርገዱ የሄደችው በጠዋት ነው። አህያዋን ወታደሮቹ ለጭነት ወስደውባት ስለነበር የወፍጮ መጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ጥቂት ጨርቋን በራሷ ላይ አድርጋ ወጣች። ጫንያለው ሰምቶ ከድንኳኑ ሾልኮ ደረሰባት። በቅሎዋን እየጎተተ፣ «ውሰጃት እታለም፣ ተቀመጪባት» አላት። በቅሎዋን አየቻት፣ አልወሰደቻትም። ጥቂት መንገድ አብረው ሄዱ። በኋላ እሱ መሬት ላይ ተቀመጠና ማልቀስ ጀመረ።

«እታለም፣ እኔ እኮ የዘፈንኩት ስለምወደው ነው።»

ቆመች። መጁን ጀርባዋ ላይ አስተካከለች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም ይባላል።

«አውቃለሁ ጫኔ» አለችው። «እኛም እኮ እንወደው ነበር፤ ዝም ብለን።»